አሥራ አራት ቁጥር መለሰ

ሐሙስ ማለዳ መሐል ሜዳ ከተማ የተሰማው ወሬ አጭር ነበር፦ ዘሩ ተቃጠለ።

እሳት ያየ ሰው ግን የለም። ጭስም፣ ጥቀርሻም፣ የወደቀ ቆርቆሮም አልተገኘም። የገበሬዎቹ ማኅበር ያሠራው የዘር ቤት እንደ ወትሮው ቆሟል፤ በጆንያ የተደረደረው የጥቁር ገብስ ዘርም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ብቻ ዘበኛው አጠገብ ያለችው፣ አደጋ ሲኖር ብቻ የምትናገረው ትንሽ ስክሪን ቀይ ሆና የዘር ክፍሉ ሙቀት ስድሳ ስምንት ዲግሪ መግባቱን ጮኻ ተናገረች። እንዲያ የጋለ ዘር መልኩ አይለወጥም። ይፈጫል፣ ይቆላል፣ ይጠመቃል። አይበቅልም እንጂ።

ጉዳዩ ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ እጅ የገባው ዓርብ ጠዋት ነው። ወሰንየለሽ በመንዝ ፖሊስ ዘንድ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ ቶሎ በመራመድና ቶሎ ባለማመን። አብሯት የሚሠራው ሳጅን ማሙሽ ስሙን የሚያስተባብል ግዙፍ ሰው ነው፤ በር በገባ ቁጥር ጎንበስ ይላል፣ እሷን ለመከተል ደግሞ ሁልጊዜ ያለከልካል።

ግቢው ሲደርሱ አጥሩ ዙሪያ ባና የደረበ ሰው ሞልቶ ነበር። የበልጉ ዝናብ ጀምሯል፣ መሬቱ ታርሷል፣ የቀረው ዘር ነው። አምና ውርጭ የየቤቱን ጎተራ ስላራቆተው ያችኑ የተረፈችውን ዘር ሁሉም እዚህ አምጥቶ ነበር ያኖራት። ከፊት የቆሙት እማማ ብርነሽ የሚባሉ ባልቴት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይራገማሉ።

"ዘሬን ያነደደች፣ ዘር አይውጣላት!"

የሚራገሙት ጽናትን ነው። ጽናት የዘር ቤቱ ቴክኒሺያን ናት፤ ገና ሠላሳ ያልሞላት። ትናንት ከራቤል ከተማ ከመጣው አውቶቡስ ስትወርድ ነው ፖሊስ የያዛት። ወሰንየለሽ ርግማኑን ሰምታ ዘገነናት፤ እሷም የገብስ ገበሬ ልጅ ናት፣ ዘር ያጣ ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

* * *

"ጋሼ አወቀ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።"

ዘበኛው አወቀ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። "እኔ ምኑን አውቄው እቴ! ሰማዩ ሊቀላ ሲል ስክሪኗ ጮኸች። አቶ ቴዎፍሎስን ጠራኋቸው። ሥራ አስኪያጃችን ማልደው የሚገቡ ሰው ናቸው፤ ቢሯቸው ነበሩ።"

"የዘር ክፍሉን ማን ከፈተው?"

"እሳቸው። ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው። 'አይጠጉ፣ ያቃጥልዎታል' ብለው እኔን መለሱኝ። ገብተው ማሞቂያውን አጥፍተው ወጡ፤ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ።"

"እርስዎ ሙቀቱ ተሰማዎት?"

"እሳቸው ቁልፍ ይዘው እስኪመጡ በሩን ተደግፌ ነበር የቆምኩት። ብረቱ ያው ብረት ነው፣ በማለዳ ብርድ እጄን ቆረጠመኝ።"

"ከበሩ የራቁበት ጊዜስ?"

"ንቅንቅ አላልኩም!" አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ጫማቸው ሰደው።

ሳጅን ማሙሽ ሰፈሩን ዞሮ ሲመለስ ፈገግ ብሏል። "ዋሽተዋል። ያን ማለዳ ኪዳን ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ያያቸው ሰው ብዙ ነው። ስክሪኗ የጮኸችው ተመልሰው ሳይቀመጡ ነው። በሩ ባዶ ነበር፤ የፈለገ ሰው ገብቶ መውጣት ይችላል።"

"ኪዳን ማድረስ ወንጀል አይደለም፤ መዋሸታቸው ነው ያስከፋኝ" አለች ወሰንየለሽ። ሽማግሌው ከመዝገቧ አልወጡም፣ ግን ያ የበረደ ብረት ከጆሮዋ አልጠፋም።

* * *

የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሞቃት ነበር። ከውጭው ቆፈን ወደዚያ ሲገቡ ፊት ይፈታል። ጠረጴዛው ሥር የኤሌክትሪክ ምድጃ ቀልቶ ይታያል፣ ግድግዳው ላይ ሕንፃውን የሠራው ተቋራጭ የሰቀለው ትልቅ ፕላን ተንጠልጥሏል። አቶ ቴዎፍሎስ ሥርዓት ያለው፣ ንግግሩ የተለካ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

"ብረት በሩን ዘበኛው ቀዝቃዛ ነበር ይላሉ" አለችው።

"ድርብ በር ነው፣ ኢንስፔክተር። መሀሉ በስፖንጅ የተሞላ ነው። ውስጡ ቢነድ ውጭው አያውቅም።" መልሱ ቀና ነበር። ተነሥቶ ፕላኑ ላይ በጣቱ አመለከተ። "ይህ ሕንፃ በራሱ የሚሠራ ነው። ሙቀት መለኪያው፣ እርጥበት መለኪያው፣ ማራገቢያው፣ ማሞቂያው፣ መብራቱ፣ ሁሉም ትንንሽ መሣሪያዎች ናቸው፤ በአንድ ገመድ ተያይዘዋል። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ዋናው ኮምፒውተር በቁጥሩ ይጠራዋል፣ እሱም ይመልሳል። ይኸው፣ አሥራ አራት ቁጥር፤ የዘር ክፍሉ ሙቀት መለኪያ። የጮኸው እሱ ነው። ፖሊሶቻችሁም ስክሪኑን ፎቶ አንሥተውታል።"

"ማሞቂያውን የሚያዝ ማነው?"

"የይለፍ ቃሉን የምታውቀው ጽናት ብቻ ናት። ካለችበት ሆና በስልኳ ታዛለች። ራቤል ለአክስቷ ተዝካር ሄጄ ነበር ማለቷ እዚህ አያድናትም።"

"ለምን ታደርገዋለች?"

ቴዎፍሎስ ያዘነ መሰለ። "ረዳት ይቀጠርልኝ ብላ ቦርዱን ጠይቃ ነበር። እምቢ ተባለች። ከዚያ ወዲህ ፊቷ አልተፈታም። ምን ይደረግ፣ ሰው ነው።"

"ዘሩ በእርግጥ መሞቱን ሞክራችኋል?"

"በቅሎ እስኪታይ ቀናት ይፈጃል። ስድሳ ስምንት ዲግሪ ያየ ዘር ምኑ ይሞከራል! ትናንት ጉባኤው ተሰብስቦ ለወፍጮ እንዲሸጥ ወስኗል። ዛሬ ከሰዓት መኪና ይመጣል።"

ወሰንየለሽ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። የሰማችው ሁሉ ልክ ነበር፣ ልክ መሆኑ ራሱ አበሳጫት። የጽናት ስልክ ትናንት ተወስዶባታል፤ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች፣ ፖሊስ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቅባታል። ዘሩ ደግሞ ነገን አይጠብቅም፤ ዛሬ ተጭኖ ይሄዳል።

* * *

መኪናው ከሰዓትን አልጠበቀም። ገና ረፋዱ ላይ ሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ አገኙት። ባለቤቱ ሙሐመድሰዒድ የቆላው ነጋዴ ነው፤ ጨውና ጨርቅ አምጥቶ እህል ጭኖ የሚመለስ፣ መንዝ ውስጥ የማያውቀው የሌለ። ሳጅን ማሙሽ መንገድ ላይ ሲመጡ "ይኼ ሰውዬ እጁ ይኖርበታል" ብሎ ነበር፤ የሞተ ዘር ረክሶ ስለሚገዛ።

"ማነው የጠራህ?" አለችው።

"ከዘር ቤቱ ነው የተደወለልኝ። 'የሞተ ዘር አለ፣ ዓርብ መጥተህ ትጭናለህ' አለኝ። ከታች አንድ ሀብታም ይረከብሃል ተባልኩ። እኔ የማጓጉዘው ብቻ ነው።"

"መቼ ነው የደወለልህ?"

"ማክሰኞ። ሸቀጥ እያራገፍኩ ነበር፤ ልጆቹን ጠይቂያቸው፣ አብረውኝ ነበሩ።"

"ማክሰኞ መሆኑን እርግጠኛ ነህ?"

"በደንብ ነዋ።"

"ሙሐመድሰዒድ፣ ዘሩ ሞተ የተባለው ሐሙስ ነው።"

ነጋዴው ሲኒውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ገባው። "ላ ኢላሃ ኢለላህ! ሰዎቹ ሳይሞት ነው እንዴ ቀብር የጠሩት?"

"ድምፁ የማን ነበር?"

"የወንድ ነው። ስሙን ሳልጠይቀው ዘጋው፣ መልሼ ብደውል አይነሣም።" ከዚያ ሳትጠይቀው ጨመረ፦ "እኔ ጆንያ አላነሣም። እንኳን ዘር፣ ገለባም ከዚህ ግቢ አልጭንም፤ አንቺ እስክትፈቅጂ።"

ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሲመለሱ ማሙሽ ያሰላስል ነበር። "ዘበኛው ወይ ሥራ አስኪያጁ። ወይ ደግሞ ጽናት በወንድ አስደውላ ይሆናል።"

"ይሆናል" አለች። "ግን ልጅቱን ስለ ዘሩ የጠየቃት ሰው አለ? ሁላችንም የጠየቅነው ስለ ሐሙስ ማለዳ ነው።"

* * *

ጽናት ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ብድግ አለች፤ ስለ ራሷ ግን ምንም አላነሣችም።

"ዘሩን ያየው አለ? ሠላሳ አንድ ስንት ይላል?"

"ሠላሳ አንድ ምንድነው?"

"የዘር ክፍሉ ሙቀት መለኪያ ነዋ።"

ወሰንየለሽ አጠገቧ ተቀመጠች። "የዘር ክፍሉ አሥራ አራት ቁጥር ነው። ስክሪኑ ላይም የጮኸው እሱ ነው።"

"አሥራ አራትማ ሞቷል" አለች ጽናት። "ክረምት ላይ መብረቅ ገደለው። ነቅዬ ጣልኩትና አዲስ ተከልኩ። አዲሱ ሠላሳ አንድ ነው።"

"ለምን በድሮው ቁጥር አልተካሽውም?"

ልጅቱ አንገቷን ደፋች፤ ያፈረች መሰለች። "ትምህርቱ እንዲያ ነው የሚለው፤ የተበላሸውን ቁጥር ለተተኪው ስጡ ነው። ደብረ ብርሃን ያስተማረኝ መምህር ቢያይ ይቆጣኛል። ግን እኛ ቤት የሞተ ልጅ ስም ለሚቀጥለው አይወጣም። ከኔ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበረ፣ አረፈ። እኔን ጽናት ያሉኝ ሐዘናቸው ላይ ሆነው ነው፤ የሱን ስም ማንም አልነካውም። መሣሪያውን ይዤ ቁጥሩን ላስገባ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሥራው ያው ነው ብዬ አዲስ ቁጥር ሰጠሁት።"

"አሥራ አራት ታዲያ ስክሪኑ ላይ ምን ይሠራል?"

"ጥፋቱ የኔ ነው። ገጹን መደምሰስም አልሆነልኝም። ባዶውን ተውኩት። የሚናገርበት ስለሌለ ምንም አያሳይም ብዬ ነው።" ድምጿ ወረደ። "ኢንስፔክተር፣ አሥራ አራት ከተናገረ አንድ ሰው በስሙ ሌላ መሣሪያ ሰክቷል።"

"ይህን ለምን ትናንት አልተናገርሽም?"

"የይለፍ ቃሉ ያንቺ ነው ወይ አሉኝ፣ አዎ አልኩ። ሌላ የጠየቀኝ የለም።"

ወሰንየለሽ ቁጣዋን ዋጠችው፤ ቁጣው በራሷ ሰዎች ላይ ነበር። ተነሥታ በሩን ከፈተች። "ነይ፣ እንሂድ።"

* * *

የጽናት የሥራ ክፍል ከደረጃው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ወሰንየለሽ ስትገባ ባለችበት ቆመች። በሕይወቷ ብዙ የሽቦ ሳጥን አይታለች፤ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ያለው ራሱ የተበተነ አንጀት ነው የሚመስለው። እዚህ ግን ገመዶቹ ሹሩባ የተሠሩ ያህል ተለይተው፣ ተሰብስበው፣ ተስተካክለው ይወርዳሉ። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ወዴት እንደሚሄድ በጥሩ እጅ ተጽፏል። ማንም አያየውም ተብሎ የተሠራ ነገር እንዲህ ሲያምር አይታ አታውቅም። ይህን የሠራ እጅ ዘር አያቃጥልም አለች በልቧ፤ ወዲያው ደግሞ ራሷን ገሠጸች፣ ልብ ማስረጃ አይሆንምና።

አቶ ቴዎፍሎስ ግርግሩን ሰምቶ መጣ። "ተጠርጣሪ ኮምፒውተሩን እንድትነካ ይፈቀዳል?"

"እኔ ፈቅጃለሁ። እርስዎም ከኛ ጋር ይቆዩ።" ማሙሽ በሩን በትከሻው ሞላው።

ጽናት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ሲያርፍ ፊቷ ተለወጠ፤ ስትፈራ የነበረችው ልጅ ጠፍታ የቤቱ እመቤት መጣች። "መጀመሪያ ሁሉንም እጠራቸዋለሁ" አለች። "ገመዱ ላይ ያለ ሁሉ 'አለሁ' እንዲለኝ።"

ስክሪኑ ላይ ቁጥሮች ተራ በተራ ብቅ ማለት ጀመሩ። የማራገቢያው መለሰ። የማሞቂያው መለሰ። የኮሪደሩ መብራቶች መለሱ። ወሰንየለሽ ትንፋሿን ይዛ ታያለች፤ እረኛ በመስክ ከብቱን በየስሙ ሲጠራና ከብቱ ቀና ቀና ሲል ያየች ያህል ደስ አላት።

"ሠላሳ አንድ ይኸው" አለች ጽናት። "አሥራ አንድ ዲግሪ። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም ከአሥራ ሁለት አላለፈም።"

ከዚያ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። ከሌሎቹ መሀል አንድ ቁጥር ተቀምጧል።

"አሥራ አራት መለሰ" አለች በቀስታ።

"የት ነው ያለው?"

"ይህ አይነግረኝም። ገመዱ በየክፍሉ ይዞራል፤ የትም ሊሆን ይችላል።" አሰብ አደረገች። "ግን እያንዳንዱ ሆዱ ላይ ትንሽ መብራት አለችው። ብልጭ ድርግም በል ብዬ ላዘው እችላለሁ። የጠፋ መሣሪያ ስፈልግ እንዲያ ነው የማደርገው።"

"እዘዢው።"

ወሰንየለሽ ብቻዋን ወጣች። በቴዎፍሎስ ቁልፍ የዘር ክፍሉን ከፍታ ገባች፤ ጆንያዎቹ በብርድ ውስጥ ተኝተዋል፣ ብልጭታ የለም። ኮሪደሩን ሄደች። መጋዘኑን አየች። የዘበኛውን ጎጆ ስትፈትሽ ጋሼ አወቀ ኪዳን የሄዱት ለልጃቸው ሕመም መሆኑን ሳይጠየቁ ነገሯት፤ እዚያም ምንም አልነበረም። ሌላ የቀረው የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው። ገብታ ዞር ዞር ብላ አየች። ፕላኑ፣ መደርደሪያው፣ ወንበሩ፣ ሁሉም እንዳለ ነው።

መጋረጃውን ሳበችና ክፍሉን አጨለመችው።

ጠረጴዛው ሥር አረንጓዴ ነገር ብልጭ አለ። ጠፋ። እንደገና ብልጭ አለ።

ተንበርክካ አየች። ከጠረጴዛው ጣውላ በታች፣ ልክ ከኤሌክትሪክ ምድጃው በላይ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ሳጥን በፕላስተር ተለጥፋለች። ቀጭን ገመድ ከሷ ወርዶ በምንጣፉ ሥር ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ሐሙስ ማለዳ ስድሳ ስምንት ዲግሪ የጋለው ይህ ጠረጴዛ ነው።

* * *

ወሰንየለሽ ቴዎፍሎስን ወደ ቢሮው አስመጣችው። መብራቷ አሁንም ትጠቅሳለች። ሰውየው አይቶ ደረቀ።

"መለዋወጫ ነው" አለ። "ለሙከራ ነው ያደረግሁት።"

"የመለዋወጫው ሣጥን ቁልፍ አንተ ጋ መሆኑን ጽናት ነግራኛለች፤ ሥልጠናውንም ከእሷ ጋር ወስደሃል" አለችው፤ 'እርስዎ' ማለቱ ከአፏ ጠፍቷል። "ቁጥሩን ከዚያ ፕላን ነው ያነበብከው። አሥራ አራት ብሎ የጻፈው ተቋራጩ ነው። ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ልጅቱን አንድ ቀን ብትጠይቃት ኖሮ ሠላሳ አንድን ታውቀው ነበር። ኮምፒውተሯን ማንም እንደማይከፍት ተማምነህ በዘበኛው ስክሪን ላይ ቀይ አሳየኸን፣ እኛም አመንንህ። አልገባኝ ያለው አንድ ነገር ነው። ለምን ትናንት አልነቀልከውም?"

ቴዎፍሎስ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። "ብነቅለው መሣሪያ ጠፋ ብሎ ይጮሃል። ዘሩ ተጭኖ እስኪወጣ ነበር..." አልጨረሰውም። "ገዢው በሕይወት ያለ ዘር ነው የፈለገው። ቆላ ወርዶ እንደ አዲስ ዘር ሊሸጠው።"

"ጽናትስ?"

"ይፈቷታል ብዬ ነበር። ማስረጃ የላችሁማ።"

ወሰንየለሽ ሥራዋ ላይ ጮኻ አታውቅም፤ ያን ቀን ጮኸች። "እነዚያ ውጭ የቆሙት ሰዎች ዘር አይውጣላት ብለው እየረገሟት ነው! እሱንም ትፈታላታለህ?"

ማሙሽ ካቴናውን አወጣ።

* * *

ኢንስፔክተሯ አጥሩ አጠገብ ወጥታ ለሕዝቡ የሆነውን በአጭሩ ነገረች። ጉርምርምታው እንደ ዝናብ መጣና ሄደ። ቴዎፍሎስ በማሙሽ ታጅቦ ሲያልፍ ሰዉ ዓይኑን ወደ ጽናት ነበር የወረወረው። እሷ በሩ ላይ ቆማለች። ወደ እነሱም አልመጣችም፣ ወደ ውስጥም አልገባችም።

እማማ ብርነሽ በትራቸውን ተደግፈው ወደ እሷ ሄዱ። ሰዉ መንገድ ለቀቀ።

"ልጄ" አሉ ሁሉም እንዲሰማ። "ትናንትም ዛሬም በአደባባይ ረግሜሻለሁ። የማነሣውም በአደባባይ ነው። ርግማኔ በኔው ይቅር፤ አንቺ ዘርሽ ይብዛ።" ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሊስሙ ሲሉ ጽናት ደንግጣ ክንዳቸውን ይዛ አነሣቻቸው።

"እማማ፣ እንደሱ አያድርጉ!"

"ዘሩስ?" አለ ከኋላ አንድ ሰው። "በእርግጥ አለ?"

ጽናት ወደ ኢንስፔክተሯ ተመለከተች፣ ከዚያ ወደ ሰዉ። "አልጋለም። ግን እኔም ሰው ነኝ፤ ልሳሳት እችላለሁ" አለች። "ከየጆንያው ጥቂት ጥቂት ወስደን ውሃ እናጠጣው። ጥቂት ቀን ታገሡና ሲበቅል አይታችሁ ውሰዱ። የኔን ቃል ብቻ አትመኑ።"

ወሰንየለሽም ይህን ነበር የምታስበው፤ ትክክለኛው አሠራር ይኸው ነው። ለመናገር አፏን ስትከፍት እማማ ብርነሽ ቀደሟት።

"ላንቺ እንዴት ይታይሻል? አለ ወይስ የለም?"

"አለ፣ እማማ።"

"አለ ካልሽ አለ" አሉ ባልቴቷ። "በሬዎቼ ተጠምደው ቆመዋል። ጆንያዬን አውጪልኝ፤ ዛሬ እዘራለሁ።"

ከኋላቸው አንድ ገበሬ ባናውን አጣፍቶ ተሰለፈ። ሌላው ተከተለው። ሙሐመድሰዒድ መኪናውን አስነሥቶ ወደ በሩ አስጠጋ፤ ጓሳ ተራራ ዳር ድረስ ያሉትን በነፃ አደርሳለሁ ብሎ ይጣራል። ጽናት ከተያዘች ጀምሮ ያላፈሰሰችው እንባ ያኔ መጣባት። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና የዘር ክፍሉን ልትከፍት ገባች።